ከሚንበሩ ስንት ጊዜ «እብድ» አልን?

ስለ አእምሮ ሕመም የሚነገረውንና የሚጻፈውን ቆጥሮ ስለ መመርመር

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር ለመጽሔቱ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩት በራሴ ላይ ከደረሰ ነገር ተነስቼ ነው። የምጠቅሳቸው አባት ታሪኩን እንድናገር ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

አንድ ጁሙዓ ከሰላት በኋላ እዚሁ አብነት አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት መስጂዱ በር ላይ ጠበቁኝ። ወደ ጎን ወሰድ አደረጉኝና «ኡስታዝ፣ ልጄ ከእንግዲህ ጁሙዓ አልሄድም ብሏል» አሉኝ። ልጃቸው ወጣት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የአእምሮ ሕመም አለበት፤ መድኃኒት ይወስዳል፤ ጀመዓ ሰላት ግን አይቀርም ነበር። ለካ ባለፈው ጁሙዓ ኹጥባ ላይ ጊዜውን በከንቱ ስለሚያባክን ሰው ስናገር «ከአማኑኤል ያመለጠ ይመስል» ብያለሁ። ጀመዓው ሳቅ አለ። ልጁ ሁለተኛው ሶፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።

በእውነት እላችኋለሁ፣ ማለቴን እንኳ አላስታውስም ነበር። ይቅርታ ጠይቄ «አንድ ጊዜ ያመለጠኝ ቃል ነው» አልኳቸው። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ኡስታዝ፣ አንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ልጄ አይቀርም ነበር» አሉኝ።

ይህች ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ከመድረሳችን ተማሪዎች አንዱ ኹጥባዎችን በሞባይሉ ይቀርጽ ስለነበር ቅጂዎቹን ተቀብዬ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ። «እብድ»፣ «ቀውስ»፣ «ጀዝባ»፣ «ጨርቁን የጣለ» የሚሉትን ቃላት ደጋግሜ ብያቸው አገኘሁ። ሁሉንም የተጠቀምኩባቸው ሰነፉን፣ ቁማርተኛውን፣ አባካኙን ለመገሠጽ ነው። በእውነት የታመመ ሰው አስቤ የተናገርኩት አንድም የለም። «የአእምሮ ሕመም ያለበትን ወንድማችሁን ጠይቁ፣ አሳክሙ» ያልኩበት ኹጥባም አላገኘሁም። የኩላሊት ሕመምተኛ እርዳታ ሲጠይቅ ግን ተናግሬያለሁ። ከተናገርኩት ይልቅ ያልተናገርኩት ይበልጥ አሳፈረኝ።

ያን ሌሊት ያደረግኩት ነገር ኮሌጅ ሳለሁ የተማርኩት የጥናት ዘዴ መሆኑ ኋላ ላይ ትዝ አለኝ። ዘዴው ለየቤታችን ይጠቅማልና ዛሬ እርሱን ላስረዳችሁ።

የይዘት ትንተና ምንድን ነው?

ዘዴው «የይዘት ትንተና» ይባላል። በጋዜጣ፣ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን ወይም በንግግር ውስጥ ያለውን ነገር አስቀድሞ በተወሰነ ደንብ መሠረት በየመደቡ እየለዩ መቁጠር፣ ከዚያም ድምሩ ምን እንደሚናገር መመርመር ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ በርናርድ ቤረልሰን እ.ኤ.አ. በ1952 ስለ ዘዴው መጽሐፍ ካወጣ ወዲህ በመገናኛ ብዙኃን ጥናት ውስጥ በሰፊው ይሠራበታል።

ጥቅሙን በምሳሌ እንየው። «የአእምሮ ሕመምተኛው ሰው ደበደበ» የሚል ዜና እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጋዜጠኛውም አልዋሸም። ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ ስለ አእምሮ ሕመም ከተጻፈው አብዛኛው የድብደባና የግድያ ዜና ቢሆንስ? ታክመው ሥራቸውን የሚሠሩ፣ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሰዎች ዜና አይሆኑም። እንግዲህ ከዜናዎቹ አንዱም ሐሰት ሳይሆን፣ ሁሉም ተደምረው በአንባቢው ልብ ውስጥ የሚያሳድሩት ግምት ሐሰት ይሆናል ማለት ነው። ይህን ዓይነቱን ስህተት በአንዱ ዜና ላይ ጣት ቀስሮ ማሳየት አይቻልም። የሚታየው ሲቆጠር ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ፣ ወሬ ሲመጣልን ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት እንድናጣራ አዞናል። ብዙዎቻችን ማጣራትን የምንረዳው «ይህ ወሬ እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብሎ በመጠየቅ ብቻ ነው። ወሬዎች ተጠራቅመው የሚያሳድሩትን ግምት መመርመርም ከዚሁ ትእዛዝ የሚቀዳ ኃላፊነት ነው ብዬ አምናለሁ።

«መጅኑን» የሚለው ቃል በቁርኣን

ለእኛ ለሙስሊሞች ቆጥሮ መመርመር እንግዳ ነገር አይደለም። ዑለማኦቻችን የቁርኣንን አንቀጾችና ቃላት፣ ፊደላቱን ሳይቀር ቆጥረዋል። ግብጻዊው ሙሐመድ ፉኣድ ዐብዱልባቂ ያዘጋጁት የቁርኣን ቃላት ማውጫ፣ አል-ሙዕጀሙል ሙፈህረስ፣ የትኛው ቃል በየትኛው ሱራ እንደመጣ ያሳያል። በዚህ መንገድ አንድ ቃል አብረን እንመርምር።

«መጅኑን» (እብድ) የሚለው ቃል በቁርኣን ውስጥ 11 ጊዜ መጥቷል። ቁጥሩን ብቻ የያዘ ሰው «ቁርኣንም 11 ጊዜ ጠቅሶታል፤ እኛ ብንለው ምን አለበት?» ሊል ይችላል። ስለዚህ ቆጠራው እዚህ አይቆምም። በእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ቃሉን የተናገረው ማን ነው? የተባለው በማን ላይ ነው? ቁርኣን ንግግሩን ይቀበለዋል ወይስ ውድቅ ያደርገዋል? መልሱን በመደብ ስናስቀምጠው እንዲህ ይሆናል።

1ኛ. በ8 ቦታዎች ቃሉ የአስተባባዮች ንግግር ነው። በ4ቱ የመካ ሙሽሪኮች በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ የተናገሩት ነው (አል-ሒጅር 6፣ አስ-ሷፋት 36፣ አድ-ዱኻን 14፣ አል-ቀለም 51)። በ2ቱ ፊርዐውን ሙሳን (ዐ.ሰ.) ያለበት ነው (አሽ-ሹዐራእ 27፣ አዝ-ዛሪያት 39)። በ1ዱ የኑሕ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች ተናግረውታል (አል-ቀመር 9)። በቀሪው 1 ቦታ ደግሞ ቀደምት ሕዝቦች የመጡላቸውን መልእክተኞች እንዲህ ይሉ እንደነበር ተወስቷል (አዝ-ዛሪያት 52)።

2ኛ. በ3 ቦታዎች አላህ (ሱ.ወ.) ይህን ስም ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ያነሳበት ነው (አጥ-ጡር 29፣ አል-ቀለም 2፣ አት-ተክዊር 22)።

3ኛ. በእውነት የታመመን ሰው ለመጥራት የተነገረበት ቦታ የለም፤ ቁጥሩ ዜሮ ነው።

ወንድሞችና እህቶች! ቃሉ ከ11ዱ ቦታዎች በአንዱም የሕመምተኛ መጠሪያ አልሆነም። እውነት ተናጋሪን ለማሳፈርና ሰሚ ለማሳጣት የሚወረወር ስድብ ነው፤ የተወረወረውም ከሰው ልጆች ሁሉ በላጭ በሆኑት ላይ ነው። እኛ ከሚንበር ላይ ሆነን ለማሳቅ ስንጠቀምበት ከየትኛው መደብ እንደምንቆጠር ራሳችንን እንጠይቅ።

ከዚህ ምሳሌ የምንረዳው ቁጥር ብቻውን እንደማይናገር ነው። ተናጋሪው፣ የተነገረበት ሰውና የንግግሩ አቋም አብረው ካልተመዘገቡ ቆጠራ ያሳስታል።

ጥናቱ ደረጃ በደረጃ እንዴት ይሠራል?

አንደኛ፣ ጥያቄውን ማጥበብ ነው። «ሚዲያው ስለ አእምሮ ሕመም ምን ይላል?» የሚለው በጣም ሰፊ ነው። «ባለፈው ዓመት በወጡ የአማርኛ ጋዜጦች ላይ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በአብዛኛው ከምን ጋር ተያይዞ ተነሳ?» የሚለው ግን ሊመለስ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ናሙና መውሰድ ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተማል፤ ይህን ሁሉ ማንም አንብቦ አይጨርሰውም። ስለዚህ በደንብ ይመረጣል። ለምሳሌ ከመጀመሪያው ሳምንት የሰኞውን፣ ከሁለተኛው የማክሰኞውን፣ ከሦስተኛው የረቡዑን እትም እያሉ መውሰድ ይቻላል። ምክንያቱም የጤና ዓምድ የሚወጣበትን ቀን ብቻ የመረጠ ሰው «ጋዜጣው ለሕመምተኛ ይቆረቆራል» ይላል፤ የፖሊስ ዜና የሚበዛበትን ቀን ብቻ የመረጠ ደግሞ ተቃራኒውን ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ አመራረጣቸው ግን አሳስቷቸዋል።

ሦስተኛ፣ መደቦችን ማውጣት ነው። ሕመምተኛው የተነሳው አደገኛ ሆኖ ነው? ለመሳቂያ ነው? ጂን ወይም ሲሕር የነካው ሆኖ ነው? ሕክምና የሚያስፈልገው ሆኖ ነው? ወይስ ተሽሎት የሚኖር ሰው ሆኖ? ቃሉ በዘይቤ የገባበትም ለብቻው ይያዛል። «ገበያው አበደ»፣ «ስታዲየሙ አበደ» ሲባል ስለ ሕመም እየተወራ አይደለም፤ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ድምሩን ያበላሻል። ከሁሉም አጠገብ «የተናገረው ማን ነው?» የሚል ረድፍ ይኑር፦ ፖሊስ፣ ሐኪም፣ ጎረቤት፣ ቤተሰብ ወይስ ሕመምተኛው ራሱ?

አራተኛ፣ ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነቱን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ከዚያ መልሳቸው ይነጻጸር። በሸሪዓችን በብዙ ጉዳዮች አንድ ምስክር እንደማይበቃ ሁሉ እዚህም የአንድ ሰው ዓይን አይበቃም። ከ100 ጽሑፎች በ80ው ቢስማሙ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ቢገምቱ እንኳ በአንዳንዱ መገጣጠማቸው አይቀርም። ጄኮብ ኮኸን የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960 ይህን በአጋጣሚ የሚገኝ ስምምነት የሚቀንስ ስሌት አውጥቷል።

ሁለት አንባቢዎች የሚለያዩበትን ቦታ ላሳያችሁ። በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ የተወነው «ፌስታሌን» የተሰኘው ተውኔት እያዩ ፈንገስ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ በሰፊው አስተዋውቋል፤ ሰዉ «እብድ» የሚለው ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ጤነኛው ያልደፈረውን ይናገራል። በእኛም ታሪክ በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን ስለነበረው ስለ ቡህሉል ብዙ ይተረካል፤ አን-ነይሳቡሪም ስለ «ብልህ እብዶች» ኪታብ ጽፈዋል። አንዱ አንባቢ «ይህ ለሕመምተኛው ክብር ነው» ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ «ሕመሙ መሸፈኛ ሆኗል፤ የማይናገር፣ የሚያለቅስ፣ እንቅልፍ ያጣ ሕመምተኛ የት አለ?» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ልዩነት ሲመጣ ደንቡ በጽሑፍ ተብራርቶ እንደገና ይነበባል።

አምስተኛ፣ ተቆጥሮ ይተረጎማል። ሲተረጎም የተነገረው ብቻ ሳይሆን ያልተነገረውም ይታያል። ባዶ የቀረው መደብ ብዙ ጊዜ ከሞላው ይበልጥ ይናገራል።

ዘዴው ድንበር እንዳለውም ማወቅ አለብን። የጸሐፊውን ኒያ አያሳይም፤ ልብን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ እኛ የምንመዝነው ውጫዊውን ቃል ነው። ቃሉ በሰሚው ላይ ያደረሰውንም ብቻውን አያሳይም፤ ያን ለማወቅ ሰሚውን መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔም ቅጂዎቼን ብቻ ባዳምጥ የዚያን ልጅ ሕመም አላውቀውም ነበር። አባቱ ነገሩኝ።

በሌሎች አገሮችና በአገራችን የታየው

በብሪታኒያ የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 በአንድ ወር ውስጥ በጋዜጦችና በቴሌቪዥን የቀረበውን መረመሩ። ውጤቱን ግሬግ ፋይሎ ባዘጋጁት መጽሐፍ በ1996 አወጡት። ስለ አእምሮ ሕመም ከቀረበው ውስጥ ሦስት እጅ ቢደረግ ሁለቱ እጅ ያህል ከጥቃት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ሰዎችንም አነጋግረው ነበር። ከእነርሱ መካከል በራሳቸው ሕይወት የሚያውቋቸው ሕሙማን ሰላማዊ ሆነው ሳለ፣ በቴሌቪዥን ባዩት የተነሳ የሚፈሩ ተገኙ። ሰው በዓይኑ ያየውን ትቶ የተነገረውን አመነ ማለት ነው። እውነታው ግን ከሕሙማኑ አብዛኞቹ በማንም ላይ እጃቸውን የማያነሱ መሆናቸው ነው፤ ይልቁንም ብዙ ጊዜ ጥቃት የሚደርሰው በእነርሱ ላይ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከኦስትሪያ ነው። በቪየና ከተማ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምድር ውስጥ ባቡር ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች በዙ፤ ጋዜጦችም በየጊዜው በዝርዝር ይጽፉት ነበር። በ1987 ለጋዜጠኞች የአዘጋገብ መመሪያ ወጥቶ አጻጻፉ ሲለወጥ ቁጥሩ በጣም ቀነሰ። በ2010 የታተመ ሌላ የኦስትሪያ ጥናት ደግሞ 497 ዘገባዎችን በይዘት ትንተና መርምሯል። አንድን ድርጊት ብዙ መገናኛ ብዙኃን ሲደጋግሙት ከጉዳት ጋር ተያይዞ ተገኘ። ራሱን ሊያጠፋ አስቦ የነበረ ሰው ችግሩን እንዴት እንዳለፈው የሚተርክ ዘገባ ደግሞ ከቁጥሩ መቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ነፍስን ማጥፋት በዲናችን ከባድ ሐራም ነው። እንዴትና የት እንደተፈጸመ እየዘረዘሩ ማውራት ግን የተጨነቀውን ሰው መንገድ ማሳየት ነው። እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣበት ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ብቻቸውን አትተዉአቸው፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል አብራችኋቸው ሂዱ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ብዙ ሙስሊም ወገኖቻችን በሚኖሩበት በቡታጅራ አካባቢ የሚካሄደው የአእምሮ ጤና ጥናት በዓለም የታወቀ ነው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ፕሮፌሰር ደረጀ ከበደ ከተሳተፉት ምሁራን መካከል ናቸው። ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ከዚሁ ጋር በተያያዘ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት የ178 ሕሙማንን ዘመዶች ጠይቆ ነበር፤ 75 በመቶዎቹ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ቤት ውስጥ ሕመምተኛ መኖሩን መደበቅ ይፈልጉ ነበር።

እንግዲህ ከአራት ቤተሰብ ሦስቱ ማለት ነው። አስተውሉ፣ የተጠየቁት ሕመምተኞቹ አይደሉም፤ እናት፣ አባት፣ ወንድም፣ እህት ናቸው። በአንድ ሶፍ ላይ ስንቆም አጠገባችን ያለው ሰው ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

አማኑኤል ሆስፒታልን እንመልከት። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተ ሲሆን፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ከእኛ ከአብነት ሩቅ አይደለም። ታክሲ ውስጥ «አማኑኤል ወራጅ» ያለ ሰው ተሳፋሪ ዞር ብሎ ያየዋል፤ ይቀለድበታል። የዓይን ወይም የልብ ሐኪም ቤት ስም ስድብ ሆኖ አያውቅም። መታከሚያው ስድብ ሲሆን ታማሚው ከበሩ ለመድረስ ያፍራል፤ ቤተሰብም ሲያመነታ ዓመታት ያልፋሉ። እኔ ያን ቀን በኹጥባ ያደረግኩት ይህንኑ በር ማጥበብ ነበር።

ስለ ጂንና ስለ ሲሕር የምናወራው

የራሳችንን መጽሔቶች፣ ንግግሮችና ካሴቶች ብንቆጥር አንድ መደብ ሳይበዛ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ፤ እርሱም የጂን፣ የሲሕርና የዓይን ወሬ ነው። እዚህ ላይ በደንብ እንግባባ። ጂን መኖሩ፣ ሲሕርና ዓይን መኖራቸው በቁርኣንና በሐዲስ የጸና ነው፤ ሩቅያም ሱና ነው። የይዘት ትንተና ይህን አይክድም፤ ዐቂዳንም አይመዝንም። የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ስለ ጂን ባወራን ቁጥር ከጎኑ «ሐኪም ቤትም ውሰዱት» ያልነው ስንት ጊዜ ነው? «መድኃኒቱን አታቋርጡ» ያልነውስ?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ለበሽታ ሁሉ ፈውስ ማውረዱን ነግረውናል፤ እንድንታከምም አዘዋል። በሸሪዓችን አእምሮውን ያጣ ሰው እስኪመለስለት ድረስ በደል አይጻፍበትም፤ ታዲያ አላህ ያልወቀሰውን እኛ እንዴት እንወቅሰዋለን? ቀደምት ሙስሊሞችም ይህን ተረድተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ934 የሞቱት አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሰውነትንና የነፍስን ጤና በአንድ ኪታብ አጣምረው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ የተገነባው የቀላውን ሆስፒታልም ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው።

«ኢማኑ ስለደከመ ነው» የሚለውም አነጋገር ከሚቆጠሩት ውስጥ ይግባ። ሰው በኢማኑ እየጠነከረ ሊታመም ይችላል። ይህ አባባል ለታማሚው ሁለተኛ ሕመም ነው።

በየቤታችን የሚሠራ

ይህ ሥራ የዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ ለአንድ ሳምንት አንድ ደብተር ይያዝ። በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በመጽሔት ወይም በኹጥባ ስለ አእምሮ ሕመም አንድ ነገር በተነሳ ቁጥር አምስት ነገር ይመዝገብ፦

1. ሕመምተኛው በምን ስም ተጠራ?
2. የተናገረው ማን ነው?
3. ለምን ተነሳ? ለማስፈራራት፣ ለማሳቅ፣ ለማዘን ወይስ ለመርዳት?
4. መታከም እንደሚቻል ተነገረ ወይስ አልተነገረም?
5. ሕመምተኛው ወይም ቤተሰቡ ራሳቸው ተናገሩ ወይስ አልተናገሩም?

ሁለት ልጆች ለየብቻ ይመዝግቡ፤ ጁሙዓ ማታ ደብተሮቹ ይነጻጸሩ። የማይገጣጠሙበት ቦታ ላይ ቤተሰቡ ይወያይ፤ ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው ውይይቱ ነው። በአንድ ሳምንት ናሙና ስለ አንድ ጣቢያ ወይም ጋዜጣ ፍርድ መስጠት ግን አይገባም። ስድስተኛ ጥያቄ ደግሞ በቃል ይጠየቅ፦ በዚህ ሳምንት እኛ ራሳችን ቤት ውስጥ ቃሉን ስንት ጊዜ አልነው? በሱረቱል ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) መሳለቅንና በመጥፎ ስም መጠራራትን የከለከለው ጋዜጠኛውን ብቻ አይደለም።

ኢማሞችና ዳዒዎችም በዓመት አንድ ጊዜ የራሳችንን ቅጂ ደብተር ይዘን እናዳምጥ። እኛም መገናኛ ብዙኃን ነን። የአንድ ሰፈር ሰው በየሳምንቱ ዝም ብሎ የሚያዳምጠን በመሆኑ ኃላፊነታችን ከጋዜጣው አያንስም።

ለመዝጊያ አንድ ሐዲስ ላስታውሳችሁ። ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ በአእምሮዋ ላይ አንድ ነገር የነበረባት ሴት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ ጉዳይ እንዳላት ነገረቻቸው። እርሳቸውም «የእገሌ እናት» በሚለው የአክብሮት መጠሪያ ጠርተዋት፣ ጉዳይዋን እስኪፈጽሙላት ድረስ የምትፈልገውን መንገድ እንድትመርጥ ነገሯት፤ ጉዳይዋን እስክትጨርስም በመንገዱ ጥግ አብረዋት ቆሙ። ይህን ሐዲስ በመዝገባችን ብናስገባው፦ በምን ስም ተጠራች? በክብር ስም። ማን ተናገረ? እርሷ ራሷ። ለምን ተነሳች? ጉዳይዋ እንዲፈጸም። እነሆ፣ ሌላውን ሁሉ የምንለካበት መለኪያ ይህ ነው።

ልጁን ቤቱ ድረስ ሄጄ ዐፉ እንዲለኝ ጠየቅኩት። ብዙ አልተናገረም፤ ቡና ተፈላ፣ ጠጥተን ወጣሁ። በሚቀጥለው ጁሙዓ ስሙን ሳልጠራና ማንነቱን የሚጠቁም ነገር ሳልናገር ስህተቴን በዚያው ሚንበር ላይ አመንኩ። ልጁ እስከ ዛሬ ለጁሙዓ አልተመለሰም። ሱብሒ ላይ ግን፣ ሰው ሳይበዛ፣ አንዳንድ ቀን ከኋላ ሶፍ አየዋለሁ። ቅጂዎቼን እስከ አሁን ድረስ አዳምጣለሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ ለቤተሰቦቻቸው ሰብርን ይስጣቸው፤ ምላሳችንንም ከማቁሰል ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።